አምስት ኩንታል ሰው

ባለፈው ሰኔ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ የኋላ ሞላው ተሰብሮ መንገድ ላይ ቀረን። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው። ወርዶ ከሥር አጎንብሶ አየና «ሲስተር፣ ሞላው ሄዷል፤ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። እንዲህ ያለ አምስት ደቂቃ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ ወርጄ አጠገባችን ካለ ወርክሾፕ በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ አንድ ሰውዬ የመኪና ባሌስትራ እሳት ውስጥ ከትቶ ያግላል፤ ሲቀላ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያጎብጠውና የተቃጠለ ዘይት የሞላበት በርሜል ውስጥ ይነክረዋል። ጭሱ ከነሽታው ተነስቶ ፊቴ ላይ መጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሾፌሩ ጭሱ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጭሱ አልነበረም። ያን ሽታ የማውቀው በስምንት ዓመቴ፣ አጋሮ፣ እናቴ አልጋ ላይ በዋለችበት ክረምት ነው።

ባሌስትራን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ እንደ ቀስት የጎበጡ ረጃጅም ብረቶች ከትልቁ እስከ ትንሹ ተደራርበው ታስረዋል። መኪናው ጎማዎቹን በያዘው አክስል ላይ የሚያርፈው በእነሱ ነው። መንገዱ ሲመታ እነሱ ይተጣጠፋሉ፣ ከላይ ያለው ሰው ይተርፋል። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን ወገን ተመድቦ የመጣ የአውቶሞቲቭ መምህር ነበርና ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ይለዋል። በእውቀቱ የሚኮራ፣ ቁጥር ያልገባበት ወሬ የማይወድ ሰው ነው።

እናቴ እግሮቿ ሥር ሁለት ትራስ ተደርጎላት ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ለእኔ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናትሽን እንዳታንገላቻት።» ምን እንደሆነች የሚነግረኝ ጠፋ። ሆዷ ሲያብጥ አያለሁ፤ እብጠቱ በሽታው ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጊዜ ጎረቤቶች «የአሰንዳቦ መንገድ ነው የጎዳት» ሲሉ ሰምቼ ስለነበር መንገድ እንደ ውሻ የሚነክስ መስሎኝ ስሻገር እሮጥ ነበር።

አሁን የማውቀው ይህን ነው። እናቴ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመለስ አሰንዳቦ ላይ ደም ፈሷት የስድስት ወር ጽንስ አጥታለች። በዚህኛው ደግሞ የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ ስለተቀመጠ ሐኪሙ፣ ደሙ እስኪቆም ከአልጋ እንዳትነሳ፣ ከቆመ በኋላ ጅማ ሄዳ በኦፕሬሽን እንድትወልድ፣ መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳትንገጫገጭ አዝዟል። የጅማ መንገድ ያን ክረምት ሊታደስ ተቆፍሮ ጉድጓድና ጭቃ ብቻ ሆኗል። አምቡላንሱም ቢሆን ያው በዚሁ መንገድ የሚዘል መኪና ነው። አንዴ የጠፋ ጽንስ ባለበት ቤት ደግሞ ስለ ሁለተኛው በልጅ ፊት አይወራም፤ ልጅ አፉን አይጠብቅም፣ ሰው ዓይን ይጥላል ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እኔ ብቻ ሳላውቅ በመካከላቸው እሽከረከር ነበር።

አጎቴ ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከጅማ አምጥቶ ትቶልን ሄደ። አባቴም ሥራውን ጀመረ። እኔን በኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠና ውሃ የሞላበት ብርጭቆ አስያዘኝ። ብርጭቆው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ከላይ እስከ ታች መስመር አስምሮበታል።

«ቤዛ፣ እንዳይፈስ ብለሽ አትጠንቀቂ» አለኝ። «ዝም ብለሽ ያዢው። እኔ የምፈልገው ስንት እንደሚፈስ ነው።»

ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ የሚናገር አባት ምን ማለቱ ነው? በእኛ ቤት ውሃ ያፈሰሰ ልጅ ይገሰጻል እንጂ ያፈሰሰው አይለካለትም። ከበራችን እስከ ድልድዩ ደርሰን ተመለስን። ውሃው ከግማሽ በታች ወረደ። አባቴ መስመሩን አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈና ፊቱ ጠቆረ። ያን ቀን ምሳውን አልነካም። በእኔ የተቆጣ መሰለኝ፤ እጄን አይቼ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ እጅ እግዜር ስለሰጠኝ አዘንኩ።

በማግስቱ አባ ፊጣ ዘንድ ሄድን። አባ ፊጣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ ዛፍ ሥር ባሌስትራ የሚቀጠቅጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ያ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ የእሳቸው ሽታ ነው።

«አባ ፊጣ፣ ከኋላው ባሌስትራ ሁለት ሁለት ብረት ቢያወጡልኝ ይለሰልሳል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ» አለ አባቴ።

«ኧረ ቲቸር፣ ብረቱ ምን በደለ?» አሉ። «ይሄ መኪና ለኩንታል የተሠራ ነው። ባዶውን ስትነዳው ይዘላል። ሲበላ ይረጋል። ያው እንደ ሰው ነው።»

«በክረምት ከየት አምጥቼ ቡና ልጫንበት? መጋዘኑ ሁሉ ባዶ ነው።»

«እሱን አላውቅም። ብረቱን ግን አላወጣም። ትንሹን መንገድ ይለሰልስልሃል፤ ትልቁ ጉድጓድ ሲመጣ ወገቡ ወርዶ አክስሉን ይመታል።»

አባቴ አመስግኖ ወጣ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር ብረቶቹን ራሱ አወጣቸው።

ሁለተኛው ልኬት ላይ እኔም ተዘጋጅቻለሁ። የትምህርት ቤት ኮዳዬን ውሃ ሞልቼ ሹራቤ ሥር ደበቅሁ። መጀመሪያ መኪናው እውነትም ለስልሶ ነበር፤ እንደ ሶፋ ነው የሚያደርገው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን አንድ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና ከሥራችን ድው አለ። ጥርሴ ተጋጨ። ውሃው ሁሉ ቀሚሴ ላይ ተደፋ። አባቴ መሪውን ሲታገል እኔ ኮዳዬን አውጥቼ ብርጭቆውን እስከ መስመሩ ሞላሁት፣ ቀሚሴንም በሹራቤ ሸፈንኩት።

አባቴም ያን ድው የሚለውን ነገር ሰምቷል፤ መቀመጫውም ነግሮታል። መኪናውን አቁሞ ዘወር ሲል ግን ብርጭቆው ሙሉ ነው። ቁጥር የሚያምን ሰው ነውና መቀመጫው የነገረውን ትቶ ብርጭቆውን አመነ። ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀ። ጉንጬን ስሞኝ እየሳቀ ጻፈ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ያቦካሁትን ግን አባቴ በላው።

ቤት ስንደርስ «ቅዳሜ እንሄዳለን» አላት እናቴን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ እናቴ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አደረገችው። ከውስጥ አንድ ነገር ድው አደረገኝ። እጄን መንጭቄ አወጣሁ። መኪናው ድልድዩ ጋ ያደረገው ራሱ ነው። እናቴ ሳቀች፤ እኔ ግን እናቴ ውስጥም የሚጋጭ ብረት ያለ መሰለኝ።

«መንገዱ አይጎዳሽም?» አልኳት።

«አይጎዳኝም። አባትሽ ለክቶታል። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም ብሎኛል።»

ይህን ስትል ፊቷ እንዴት እንዳረፈ አሁንም ይታየኛል። የውሸቴ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው። ብርጭቆውን የሞላሁት አባቴ እንዲደሰት ነው፤ ውሃውና እናቴ ምን እንዳገናኛቸው አላውቅም። ብቻ መገናኘታቸውን አወቅሁ፤ ፈራሁ። ለአባቴ እንዳልነግረው ሳቁ ያሳዝነኛል። ለእናቴ እንዳልነግራት እንዳታንገላቻት ተብያለሁ። ተነስቼ ወደ አቮካዶው ዛፍ ሮጥኩ።

አባ ፊጣ እየቀጠቀጡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮዳውን ሳይቀር አሳየኋቸው።

«ውሃውን የሞላሽው ለምንድን ነው?»

«አባዬ እንዲስቅ።»

መዶሻውን አስቀመጡት። «ሳቀ?»

«አዎ።»

«እሺ» አሉ። «አሁን ደግሞ ትንሽ ያዝናል። ምን ይደረጋል።»

ዓርብ ጠዋት ቤታችን መጡና አባቴን «ብርጭቆውን ዛሬ አንተ ያዝ፤ እኔ ልንዳ» አሉት። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲመለሱ የአባቴ ሱሪ ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ከመኪናው ወርዶ እኔን አየኝ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ኮዳ አየ። ዱላ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቁጣም አልመጣም። ኦቨሮሉን ለብሶ መኪናው ሥር ገባና ያወጣቸውን ብረቶች መልሶ ማሰር ጀመረ። የሚገባውን ዱላ ያጣ ልጅ እንዴት ግራ እንደሚጋባ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላው ስከተለው ዋልኩ።

አባ ፊጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። «አምስት ኩንታል ጫንበት» አሉት። «ያኔ ይረጋል።»

«አሸዋ ላስጭን?» አለ ከሥር።

«አሸዋ ጭቃ ሲይዝህ ወርዶ አይገፋም። ዱዓም አያደርግም።»

«ታዲያ ምን ልጫን?»

«ሰው ነዋ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ተሰብስበዋል። ሴቶቹ ነጠላና ሻሽ፣ ወንዶቹ ጥላ ይዘዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እናቴን አባቴና ሁለት ጎረቤት ሴቶች ደግፈው አውጥተው የኋላው ወንበር ላይ አስተኟት። ሁሉም እየተራመደ ሄዶ በመስኮቱ አጎነበሰላት። አንዷ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ስትል ሰማሁ፤ ቃሉን አላውቀውም። እናቴ አለቀሰች። በአጋሮ ሰው ተጠራርቶ ነጠላ ለብሶ አንድ መኪና ላይ ሲጫን ያየሁት ለቅሶ ሲሄድ ብቻ ነው። እናቴ ልትሞት ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የተሰበሰቡትም ለዚሁ ነው። የገደልኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በኮዳ።

ከዚያ የባሰ የሚያሳብድ ነገር መጣ። ለቀስተኞቹን በሙሉ ከቤታችን አጠገብ ወዳለው ቡና መጋዘን ወስደው ሚዛን ላይ ማውጣት ጀመሩ። አባቴ ደብተሩን ይዞ ይጽፋል። ባለወፍጮው ሸምሱ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ወፍራሙ ሰው፣ ሊወጣ ሲል ጫማውን አወለቀ።

«ጫማህን አታውልቅ፤ እሱም ይቆጠራል» አለው አባቴ።

«እንኳን ጫማዬን፣ ወፍጮውን አምጣ ብትለኝ አመጣዋለሁ» አለ ሸምሱ በኩራት።

ጎረቤታችን አዴ ሐዋ ተከተለች። ገበያ ላይ ቆሎ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። «ማሎ፣ እባክህ ቲቸር፣ የኔን በልብህ አንብበው» አለች። ሰው ሳቀ። በለቅሶ ላይ የሚሳቅበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው ብዬ አፍጥጬ አየኋቸው።

ሁሉም ተመዝኖ ሲያበቃ አባቴ ደመረና «ሃያ አምስት ኪሎ ይቀረናል» አለ። አባ ፊጣ «ምን ቸገረህ፣ በቃ» ቢሉትም ለአባቴ አምስት ኩንታል ከተባለ አምስት ኩንታል ነው፤ እንዲያውም ደግሞ መደመር ጀመረ። እኔ ጎረቤት ጋ እንድቀር ተነግሮኛል። ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄጄ በሹራቤ ኪሶችና በቀሚሴ እቅፍ ውስጥ የቻልኩትን ያህል ድንጋይ ሞላሁ፤ እየተንገዳገድኩ መጥቼ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። ሃያ አምስት ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

አባቴ ኪሴን አየ። ከንፈሩን ነክሶ ሊናገር ሲል አባ ፊጣ ክንዱን ያዙት።

«ተዋት። በውሃ ይዋሻል። ድንጋይ ግን አይዋሽም፤ የከበደውን ያህል ይከብዳል።»

አባቴ ደብተሩ ላይ ጻፈኝ።

አባ ፊጣ ከበድ ያሉትን ከጋቢናው ጥግ፣ ቀለል ያሉትን ቀጥሎ አስቀመጡ። ከጭራው በኩል ማንም እንዳይቀመጥ ከለከሉ፤ ፊቱ ተነስቶ መሪው ይከዳዋል አሉ። እኔን ከነድንጋዬ በአዴ ሐዋና በሸምሱ መሃል ጠቀጠቁኝ። ከዚያ የጋቢናውን ጣራ በእጃቸው መቱና «ቀስ እያልክ፣ በቢስሚላህ» ብለው ጮሁ። ተነሳን።

ድልድዩ ሲቃረብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድው አላለም። መኪናው እንደ ደከመው በሬ በቀስታ ጎንበስ ብሎ ቀና አለና አለፈ። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ይመጣል፤ ሁላችንም አንድ ላይ ዝቅ፣ አንድ ላይ ከፍ እንላለን። አንድ ቦታ ጭቃ ያዘንና ወርደን ገፋን፤ እኔም ገፋሁ፣ ድንጋዬን ግን ከኪሴ አላወጣሁም። ተመልሰን ስንጫን አዴ ሐዋ የቆሎ ከረጢቷን ፈታች፤ ሸምሱ ወሬ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«አዴ ሐዋ፣ ለቅሶው የማን ነው?»

«የምን ለቅሶ?»

«የእማዬ ነው?»

ቆሎ የሚቆረጥም አፍ ሁሉ ቆመ። አዴ ሐዋ አገጬን በጭቃማ እጇ ይዛ ወደ ጋቢናው መስታወት አዞረችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ ይቻትና። ሆዷ ውስጥ ልጅ አለ። ሊወለድ ነው። ማንም አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«እኛ ለቀስተኛ አይደለንም። ጭነት ነን። እናትሽ እንዳትዘል ነው የተጫንነው።»

«ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የምንጫነው» አለ ሸምሱ፣ ቅር እንዳለው ሰው። «ከሞተ በኋላማ ምን ይረባዋል።»

በመስታወቱ አየሁ። እናቴ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ጥላ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ማንም ተይ አላለኝም።

ጅማ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ተራ በተራ ወረዱ። አዴ ሐዋ በመስኮቱ «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» አለቻትና ገበያ አለኝ ብላ ሄደች። ሌሎቹም አንድ አንድ ጉዳይ እንዳላቸው እያወሩ ተበተኑ። እህቴ በአራተኛው ቀን ተወለደች። ሁለቱም ዳኑ። እናቴ እዚሁ ጊንጆ፣ አጎቴ ቤት አራስ ሆና ቀረች፤ እኔና አባቴ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ወደ አጋሮ ተመለስን።

ለመመለስ ስንነሳ አባቴ ያን ፕላስተር የተለጠፈበት ብርጭቆ ሞልቶ አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። ኮዳዬ አንገቴ ላይ ነበረ፤ አውልቄ ፊት ለፊት ለእሱ ሰጠሁት። ከኋላችን ማንም የለም። መኪናው ባዶውን ከጅማ እስከ አጋሮ ዘለለ፤ ጭንቅላቴ ሁለት ጊዜ ጣራውን መታ። ውሃው ቀሚሴን፣ ወንበሩን፣ ጫማዬን አረጠበ። አልነካሁትም።

በራችን ላይ ሞተሩን አጠፋ። «ስንት ቀረ?»

«ሁለት መስመር።»

ብርጭቆውን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። እናቴ እዚያ ወንበር ላይ ብትሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያየ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ደብተሩን አውጥቶ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጦ የእኔን ሙሉ ብርጭቆ የመዘገበበትን ገጽ አገኘ። ሊሰርዘው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ከቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ቤዛ ሞልታዋለች» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ዘጋው።

«ለምን አትሰርዘውም?» አልኩት።

«ይቀመጥ» አለ አባቴ። «የሳቅሁበት ቀን ነው።»